ጦር ይዞ ባሕር ከመግባት በፊት፦ የስፒርገን ደንብ እንዴት እንደሚነበብ

ጠባቂው ጀልባችን ላይ ሲወጣ ዓሣውን ዞር ብሎም አላየው። ዓይኑ ያረፈው ስፒርገኔ ላይ ነው፤ ውኃ ውስጥ ዓሣ የምወጋበት ጦር ወርዋሪ መሣሪያ። ወለሉ ላይ ተጋድሟል፣ ግማሹ በፎጣ ተሸፍኗል፣ ጦሩ ከነጫፉ አፍጥጦ ይታያል። "ያጠመድነው ከዚህ በጣም ርቀን ነው፣ ፈቃድም አለን" ብዬ ወረቀቴን ዘረጋሁለት። ተቀብሎ አገላብጦ አየውና መለሰልኝ።

"ፈቃድህን ማን ጠየቀህ?" አለኝ። "ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?"

መልሕቅ የጣልነው ምሳ ለመብላት ነበር። የጣልንበት ቦታ ግን የተጠበቀ ቀጠና ነው። ደንቡን አንብቤ ነበር እኮ! ግን ያነበብኩት ስለ ማጥመድ የሚለውን አንቀጽ ብቻ ነው። ስለ መያዝ የሚለው ሁለት ገጽ ወረድ ብሎ ነበር፤ እዚያ ሳልደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። መሣሪያው ተወረሰ፣ ቅጣቱንም ከፈልኩ። ሕግ አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም ይባላል፤ ግማሹን ማወቅም እንደማያሰጥ ያን ቀን ተረዳሁ።

ጠልቃችሁ በጦር ዓሣ መውጋት የምትፈልጉ ከሆነ፣ ደንብ የማነብበትን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ውኃው የማን እንደሆነ እወቁ

ባሕር ሲያዩት አንድ ነው፣ በሕግ ግን የተነባበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንድ የባሕር ዳር አገር እስከ 12 የባሕር ማይል የግዛት ባሕር፣ እስከ 200 የባሕር ማይል ደግሞ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና እንዲኖረው ይፈቅዳል። በአገሪቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ክፍፍል ሊኖር ይችላል። አሜሪካን ውሰዱ። ብዙዎቹ ግዛቶች ደንብ የሚያወጡት ከዳርቻ እስከ 3 የባሕር ማይል ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የፌዴራሉ ነው። ቴክሳስ ግን 9 አላት። ፍሎሪዳ ይባስ ብላ ሁለት ልክ አላት፦ በአትላንቲክ በኩል 3፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል 9። ስለዚህ ከፍሎሪዳ 5 ማይል ወጥታችሁ ብትጠልቁ፣ በአንደኛው ጎን የፌዴራል ደንብ ይገዛችኋል፣ በሌላኛው ጎን የግዛቱ።

ማይል ስል የባሕር ማይል ነው። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው፣ የየብሱ ግን 1,609 ገደማ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። 9 ማይል ላይ ሲደርስ ግን ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ጂፒኤሳችሁ በየትኛው እንደሚቆጥር ገብታችሁ እዩ።

በዚህ ላይ ትንንሽ ርቀቶች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚያዘው በእነዚህ ነው። ፍሎሪዳ ከሕዝብ መዋኛ ዳርቻ፣ ከዓሣ ማጥመጃ መድረክና ዓሣ ማጥመድ ከተፈቀደበት ድልድይ 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ፣ ሳይርቁ በጦር መውጋትን ትከለክላለች። ጣሊያን ሰው ከሚዋኝበት ዳርቻ 500 ሜትር ራቁ ትላለች። በባሃማስ ከኒው ፕሮቪደንስ ደሴት 1 ማይል ሳይርቁ መውጋት አይቻልም። ርቀቱ ከምን እንደሚለካ አንብቡ። ከዳርቻው ነው? ከመድረኩ ጫፍ? ወይስ ባሕሩ ሲሸሽ ውኃው ከሚቆምበት መስመር? ቁጥሩን አውቆ መነሻውን ያላወቀ ሰው ምንም አላወቀም።

እኔ መስመሩን ጂፒኤስ ላይ አስገባና የራሴን 200 ሜትር እጨምርበታለሁ። ፈሪ በሉኝ። መልሕቅ የጣለች ጀልባ ነፋስ ሲዞር እሷም ትዞራለች፤ እናንተ ታች ሆናችሁ ዓሣ ስታሳድዱ እሷ መስመር ተሻግራ ልትጠብቃችሁ ትችላለች።

2. መሣሪያችሁን በስሙ ፈልጉት

"በጦር ማጥመድ ተፈቅዷል" የሚል ዓረፍተ ነገር ስታዩ አትደሰቱ። በየትኛው ጦር? ሦስቱን ለዩ። ስፒርገን ቃታ አለው፤ ላስቲኩን ወጥራችሁ ትደግኑታላችሁ፣ ቃታውን ስትስቡ ይወረወራል። ፖል ስፒር በኋላ ጫፉ ላይ ላስቲክ የታሰረበት ረጅም ጦር ነው፤ ወጥራችሁ የምትይዙት በእጃችሁ ነው፣ እጃችሁን ስትለቁ ይሄዳል። የሀዋይ ወንጭፍ ደግሞ ስሙ እንደሚለው ወንጭፍ ነው፤ ጦሩ በቱቦ ውስጥ አልፎ ይወነጨፋል፣ ቃታ የለውም።

ባሃማስ ስፒርገንን ጨርሳ ከልክላ ፖል ስፒርንና የሀዋይ ወንጭፍን ትፈቅዳለች። ማልዲቭስ ውስጥ ስፒርገን ይዛችሁ ለመግባት እንኳ አትሞክሩ፤ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ሲሸልስም ክልክል ነው። ስለዚህ ደንቡ መነበብ ያለበት የአውሮፕላን ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ነው።

መሣሪያው ጉልበቱን ከየት እንደሚያገኝም ይጠየቃል። ፈረንሳይ ለምሳሌ የሰውየው ጡንቻ የወጠረውን ወይም በእጅ የተነፋውን ትቀበላለች። ጉልበቱን ከፈንጂ ወይም ከታሸገ ጋዝ የሚያገኘውን አትቀበልም። ጫፉ ላይ ጥይት የሚተኩሰው ፓወርሄድ የሚባለውም ብዙ ቦታ ችግር ያመጣል፤ ፍሎሪዳ በግዛቷ ውኃ ውስጥ ዓሣ እንዲያዝበት አትፈቅድም። በኔ አስተያየት ጀማሪ ሰው ፓወርሄድ የሚባል ነገር እጁ ባይገባ ይሻላል። መጀመሪያ ፖል ስፒር ግዙ። ርካሽ ነው፣ ስፒርገን በማይገባበት ብዙ ቦታ ይገባል፣ ወደ ዓሣው መቅረብንም ያስተምራል። የሱቅ ሻጭ "ሁሉም ቦታ ይፈቀዳል" ካላችሁ ግን አመስግናችሁ ውጡ።

3. በምን ትተነፍሳላችሁ? መቼ ትገባላችሁ?

በአውሮፓ ኅብረት የሜዲትራኒያን ደንብ (እ.ኤ.አ. የ2006) መሠረት ስፒርገንን ከአየር ሲሊንደር ጋር መጠቀም አይቻልም፤ ከምሽት እስከ ንጋትም ክልክል ነው። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስም በስኩባ፣ ማለትም በአየር ሲሊንደር እየተነፈሱ፣ መውጋት አይፈቀድም። ትንፋሽን ይዞ፣ ስኖርክል በሚባለው አጭር የመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ነው። ፍሎሪዳ በተቃራኒው ተራውን ስኩባ ትፈቅድና የወጣውን ትንፋሽ አጥርቶ መልሶ የሚያስተነፍሰውን ሪብሪዘር ትከለክላለች። ከአንዱ አገር የለመዳችሁትን ይዛችሁ ሌላው አገር አትግቡ።

የእጅ ባትሪም ጣጣ አለው። ለዋሻ ብላችሁ ወገባችሁ ላይ የሰካችኋት ትንሽ ባትሪ በአንዳንድ ቦታ ከጦር ጋር መገኘት የለባትም። "ብርሃን" የሚለውን ቃል ደንቡ ውስጥ ፈልጉት።

4. "መጠቀም" እና "መያዝ"

እኔን የጣለችኝ ደረጃ ይህች ናት፣ ስለዚህ እዚህ ጋ ቀስ እንበል።

ደንብ ሁለት ዓይነት ክልከላ አለው። አንዱ "በዚህ መሣሪያ ማጥመድ ክልክል ነው" ይላል። ሌላው "ይህን መሣሪያ ይዞ መገኘት ክልክል ነው" ይላል። በመጀመሪያው ጥፋተኛ ለመሆን አንድ ነገር ማድረግ አለባችሁ። በሁለተኛው ግን ምንም ማድረግ አይጠበቅባችሁም። መሣሪያው እዚያ አለ፣ እናንተም እዚያ አላችሁ፣ አለቀ። ተኝታችሁ ብትገኙም፣ ሳንድዊች እየበላችሁ ብትገኙም ያው ነው።

ፈረንሳይ ጥሩ ምሳሌ ናት። የመተንፈሻ መሣሪያና ስፒርገን በአንድ ጀልባ ላይ አብረው እንዲገኙ አትፈቅድም። አንዱ ጓደኛችሁ በሲሊንደር ጠልቆ ፎቶ ሊያነሳ፣ እናንተ ደግሞ በትንፋሽ ዓሣ ልትወጉ አንድ ጀልባ ተከራይታችሁ ወጣችሁ እንበል። ሁለታችሁም ምንም ያጠፋችሁት ያለ አይመስላችሁም። ጀልባዋ ግን ጥፋተኛ ናት። ሕጉ እንዲህ የሚጻፈው ውኃ ሥር ማን በምን እንደወጋ ከላይ ሆኖ ማረጋገጥ ስለማይቻል ነው። ጠባቂው ማየት የሚችለው ጀልባው ላይ ያለውን ነው፤ ደንቡም የተሰፋው በእሱ ዓይን ልክ ነው። ይህ ከገባችሁ ብዙ የሚያበሳጩ አንቀጾች ትርጉም ይሰጧችኋል።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፦ መያዝ ይፈቀዳል፣ አቀማመጡ ግን ይወሰናል። የአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ የባሕር ፓርክ በቀለም የተከፋፈለ ነው። አረንጓዴው ቀጠና ውስጥ ማጥመድ የለም። በዚያ በኩል ማለፍና መልሕቅ መጣል ግን ይቻላል፣ የማጥመጃ መሣሪያው ተሰብስቦ በአግባቡ እስከተቀመጠ ድረስ። በቢጫው ቀጠና ደግሞ የተወሰነ በጦር ማጥመድ አለ፤ በስኖርክል ብቻ፣ ያለ ፓወርሄድ፣ ያለ ብርሃን። ካርታው ላይ ቀለሙን ሳያዩ መውጣት እብደት ነው።

"ተሰብስቦ የተቀመጠ" ማለት ምን ማለት ነው? ደንቡ ራሱ ትርጉም ይሰጠዋል፤ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ማንም በማያነበው የትርጓሜ ክፍል ውስጥ። በፎጣ መሸፈን እንደማይቆጠር ግን ከእኔ ውሰዱ። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። የመጨረሻውን ጠልቄ ስወጣ፣ ገና ሞተር ሳይነሳ፣ ላስቲኮቹን ከጦሩ አወልቃለሁ። ጦሩን ከገመዱ ፈትቼ ለብቻው በቱቦ ውስጥ አስገባለሁ። ቀሪውን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ዚፑን እዘጋለሁ፣ ቦርሳውንም ሳጥን ውስጥ ከልብሱ ሥር አስቀምጣለሁ። አራት ደቂቃ ይፈጃል። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር፦ የተደገነ ስፒርገን ከውኃ ውጭ ይዞ መገኘት በጣሊያንም በፈረንሳይም ክልክል ነው። ሁለቱም አገሮች ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ መሣሪያውን አይፈቅዱም። ክልክል ባይሆን እንኳ ጀልባ ላይ የተደገነ ስፒርገን የሚያስቀምጥ ሰው ጋ እኔ አልሳፈርም።

5. ዓሣው በጦር ይወጋል ወይ?

በመንጠቆ የሚፈቀድ ዓሣ ሁሉ በጦር አይፈቀድም። ፍሎሪዳ ውስጥ ስኑክን፣ ታርፖንን፣ ቦንፊሽን፣ ሎብስተርንም መውጋት አይቻልም። በአሜሪካ የፌዴራል ውኃ በአትላንቲክ በኩል ለመዝናኛ የሚያጠምድ ሰው፣ ፈቃዱ ካለው፣ ባለ ቢጫ ክንፉን ቱና በስፒርገን ይይዛል፤ ብሉፊን ቱናን ግን አይነካም። ሁለቱ በልጅነታቸው ይመሳሰላሉ። ካልለያችሁ አትተኩሱ።

መንጠቆ የበላውን ትንሽ ዓሣ መልሳችሁ ትለቁታላችሁ። የተወጋ ዓሣ ግን አይለቀቅም፤ መጠኑን መገመት ያለባችሁ ከመተኮሳችሁ በፊት ነው። ውኃ ደግሞ ይዋሻል። በመነጽር ስታዩ ነገሩ ሲሶ ያህል ገዝፎ ይታያል። 40 ሴንቲ ሜትር የመሰላችሁ ዓሣ 30 ብቻ ነው። ስፒርገኔ በርሜል ላይ፣ ማለትም ጦሩ በሚጋደምበት ረጅሙ አካሉ ላይ፣ የምጠብቀውን ርዝመት በነጭ ፕላስተር ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ዓሣውና በርሜሉ እኩል ርቀት ላይ ሲሆኑ ሁለቱም እኩል ስለሚገዝፉ ግምቱ ብዙ አይስትም።

6. ባንዲራ

ቀይ ሆኖ በነጭ ሰያፍ መስመር የተሰነጠቀው "ጠላቂ አለ" የሚለው ነው። ሰማያዊና ነጩ ያንኑ የሚናገረው ዓለም አቀፉ የመርከብ ምልክት ነው። ፍሎሪዳ ጀልባ ላይ የሚሰቀለው ቢያንስ 20 በ24 ኢንች፣ ጠላቂው በገመድ በሚጎትተው ተንሳፋፊ ላይ ያለው 12 በ12 ኢንች እንዲሆን ትጠይቃለች። ጣሊያን ውስጥ ከተንሳፋፊው ከ50 ሜትር በላይ መራቅ አይቻልም። በርካሽ የሚሸጡት ባንዲራዎች አንዳንዶቹ ከልኩ ያንሳሉ፣ በሜትር ለኩ።

7. ደውሉ

አፕሊኬሽኖች ጥሩ ናቸው፣ ግን እኔ የማምናቸው ዓሣ ለመለየት ብቻ ነው። ደንብ በየወቅቱ ይቀየራል፣ አፑ ደግሞ መቼ እንደታደሰ አይነግራችሁም። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያወጣውን ወረቀት ከነቀኑ አውርዱ። ከዚያ ስልክ ደውሉ። "እዚህ ማጥመድ ይቻላል?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "አዎ" ይሏችኋል፣ መልሱም ትክክል ይሆናል፣ እናንተም እንደኔ ትያዛላችሁ። ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ "ይህ መሣሪያ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ነጥብ ላይ፣ በጀልባዬ ውስጥ ቢገኝ ችግር አለው? ወደ ወደቡ ስመለስስ በየት በኩል ልለፍ?"

የመለሰላችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። የእኔ ማስታወሻ ውኃ በማይበላው ወረቀት ላይ ነው፣ ከስፒርገኑ ቦርሳ ክዳን ውስጥ ተለጥፏል። ዚፑን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ።