ልስን የሌለው ግድግዳ፣ ሊሾ ወለልና ጥቂት ዕቃ፦ የመኝታ ቤት አሠራር

ብሎኬት የሚደረደረው «ልስን ይሸፍነዋል» ተብሎ ነው፤ መጋጠሚያው የሚዛነፈው፣ ሲሚንቶውም ፊቱ ላይ ተዝረክርኮ የሚቀረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ሳይለሰን እንዲቀር ከፈለጉ ለግንበኛው ሥራው ሳይጀመር ይንገሩት። ጠርዙ ያልተሸረፈ ብሎኬት ይመረጥ፤ መጋጠሚያው በየረድፉ እኩል 1 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በቁራጭ ፌሮ ይስተካከል። የኤሌክትሪክ ቱቦውም ያኔውኑ በብሎኬቱ ቀዳዳ ይለፍ፤ በኋላ ግድግዳው ቢቦረቦር ጠባሳውን የሚደብቅለት የለም።

የተለሰነ ቤት ከሆነ የራስጌውን ግድግዳ ልስን ብቻ ማንሳት ይበቃል። ልስኑ በመሮ ሲመታ የብሎኬቱን ስስ ፊት ይዞ ሊወርድ ስለሚችል፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው መጀመሪያ ከበሩ ጀርባ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ይሞክሩ። ከተፈረፈረ ያቁሙ። ቀለሙን ብቻ ፍቀው ግራጫውን ልስን መተው ራሱ ያምራል።

ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው። ግድግዳው ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው ከወጣ ውኃ እየገባ ነው፤ የተሰነጠቀ አሸንዳ ወይም ግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር ይፈልጉ። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉት። በውኃ ከታጠበ ሟሙቶ ተመልሶ ይሰርጋል። እርጥበቱን ለመፈተሽ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቀው 24 ሰዓት ይተዉት፤ ከሥሩ ጤዛ ካዘለ ማሸጊያ (ፊቱን የሚደፍን ቅብ) አይቀቡ፣ ጨው ከኋላ እየገፋ ይልጠዋል።

ለሊሾው 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 3 እጅ የታጠበ አሸዋ፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር። የሚሰነጠቀው ውኃ ሲበዛበትና ቶሎ ሲደርቅ ስለሆነ፣ 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ክፍሉ ከ3 ሜትር በላይ ከሆነ መሐሉን በቀጭን መስመር ይክፈሉት፤ ስንጥቅ ከመጣ በዚያው ይሂድ። ማሸጊያው ከ28 ቀን በኋላ ይቀባል።

አልጋው ከሞራሌና ከደረቀ ጣውላ ይሠራል። ለ120 በ190 ፍራሽ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 12 ርብራቦች ይበቃሉ፤ በመካከላቸው 6 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ፣ አለዚያ ፍራሹ ከሥሩ ይሻግታል። ርብራቡ እንዳይጎብጥ መሐል ላይ ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ ሞራሌ ከነእግሩ ያስገቡ። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው የተልባ ዘይት በስሱ ይቀቡት። ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጨምድደው አይጣሉት፤ በራሱ ግሎ እሳት ይነሳበታል። ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

ባዶ ክፍል ድምፅ ያስተጋባል፤ ወፍራም መጋረጃና አልጋው ላይ የተነጠፈ ቡልኮ ይውጠዋል። መብራቱን ከጣሪያው መሐል ሳይሆን ከብሎኬቱ ግድግዳ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው ወደ ታች እንዲያበራ ይስቀሉት፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ጥላ ሲጥል ያዩታል።