ከጅማ የሚሠራ ፈጣን ፕሮክሲ በራስ ሰርቨር

ፕሮክሲ በእርስዎና በሚከፍቱት ገጽ መካከል ቆሞ መረጃውን የሚያስተላልፍ ሰርቨር ነው። ነፃ ፕሮክሲዎች የሚንቀራፈፉት ብዙ ሰው አንዱን በር ስለሚጋፋ ነው። የበሩ ባለቤት ማን እንደሆነም አይታወቅም። የራስን መሥራት ይሻላል። 1 ጊጋባይት ራም ያለውና ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ሲስተም) የተጫነበት የኪራይ ሰርቨር በቂ ነው። ኪራዩ በወር ከ4 እስከ 6 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከቴክኒኩ ይልቅ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ያስቸግራል።

ፍጥነቱን በዋናነት የሚወስነው የሰርቨሩ ቦታ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ፍራንክፈርት ከእኛ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ኒውዮርክ ከሆነ ከ110 ያልፋል። መስመሩ ስለሚጠማዘዝ እውነተኛው ቁጥር ሁልጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የአከራዩን የሙከራ አድራሻዎች ማታ ማታ፣ ኔትወርክ ሲጨናነቅ፣ ፒንግ አድርገው (ደርሶ መልሱን ለክተው) ትንሹን ይምረጡ።

በዊንዶውስ ላይ ፑቲ የተባለውን፣ ከሰርቨሩ ጋር በተመሰጠረ መስመር (ኤስኤስኤች) የሚያገናኝ ፕሮግራም ይጫኑ። በፑቲጄን ጥንድ ቁልፍ (የግልና የሕዝብ) ፈጥረው የሕዝብ ቁልፉን ሰርቨሩ ላይ ያስገቡ፤ በቁልፉ መግባትዎን ካረጋገጡ በኋላ በፓስወርድ መግባትን ይዝጉ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት ራስዎን ውጭ ይቆልፋሉ። ቀጥሎ ፑቲ ላይ ኮኔክሽን፣ ኤስኤስኤች፣ ተነልስ (ቱቦዎች) ይክፈቱ፤ ሶርስ ፖርት 1080 ብለው ዳይናሚክን ይምረጡና አድ የሚለውን ይጫኑ። አድ የሚለውን ሳይጫኑ ኦፕን ማለት የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰርቨሩ ውስጥ ይገባሉ፣ ፕሮክሲው ግን የለም። ኪፕአላይቭን (መስመሩ እንዳይዘጋ በየጊዜው የሚላከውን ምልክት) 30 ሰከንድ ያድርጉ። ኮምፕሬሽንን አይንኩት፤ ገጾቹ ቀድሞውኑ ተጨምቀው ስለሚመጡ ትርፉ ድካም ብቻ ነው።

ፋየርፎክስ ላይ በኔትወርክ ሴቲንግስ ማንዋልን መርጠው ሶክስ ሆስት በሚለው ብቻ 127.0.0.1 (የራስዎ ኮምፒውተር አድራሻ)፣ ፖርቱን 1080፣ ዓይነቱን ሶክስ 5 ያድርጉ። የኤችቲቲፒውን ሳጥን ባዶ ይተዉት። ዲኤንኤስም (የገጽን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው ጥያቄ) በሶክስ 5 እንዲያልፍ የሚለውን ምልክት ያድርጉበት፤ ካልሆነ የከፈቱት ገጽ ስም በአገር ውስጥ መስመር በግልጽ ይወጣል። ዌብአርቲሲም (በብራውዘር ለድምፅና ለቪዲዮ ጥሪ የሚያገለግለው) እውነተኛውን አይፒ፣ ማለትም የኢንተርኔት አድራሻዎን፣ ሊያሳብቅ ስለሚችል በአባውት ኮንፊግ (በፋየርፎክስ የውስጥ ማስተካከያ ገጽ) ያጥፉት።

ዳታው በየመሃሉ የሚቆራረጥ ከሆነ አንድ ፓኬት ሲጠፋ ሁሉም ታብ ይቆማል፤ ሁሉም በአንድ ቱቦ ነውና የሚያልፈው። ሰርቨሩ ላይ ቢቢአርን (የመረጃ ፍሰትን የሚቆጣጠር ዘዴ) ማብራት ይህን በእጅጉ ያቀልለዋል፤ ከሊኑክስ 4.9 ጀምሮ አብሮ አለ።

መብራት ሄዶ ራውተሩ ሲጠፋ ወደ ሞባይል ዳታ ከዞሩ ቱቦው ይበጠሳል፤ ፑቲን እንደገና መክፈት ግድ ነው። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ካፌ ገብተው ዋይፋዩ የመግቢያ ገጽ ከጠየቀ መጀመሪያ ያለ ፕሮክሲ ይግቡ።

ስለ ማንነት ግን አይሳሳቱ፦ ገጾቹ አይፒዎን አያዩም እንጂ ሰርቨሩን የከፈለው ካርድ ስምዎን ያውቃል። ፌስቡክ ላይ ከገቡማ ራስዎን አስተዋወቁ። ከዚያ ያለፈ መሰወር ለሚፈልግ ቶር (መረጃውን በብዙ ሰርቨሮች እያዟዟረ የሚያሳልፍ ኔትወርክ) አለ፤ እሱ ግን ይዘገያል።

ተነልስ ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮችም በፖርቱ እንዲገቡ የሚፈቅደውን ሳጥን ባዶ ይተዉት። ምልክት ካደረጉበት ካፌው ውስጥ ያለ ሁሉ በእርስዎ ቱቦ ሊወጣ ይችላል፤ አከራዩ አቤቱታውን የሚልከውም ለእርስዎ ነው።