ሃንዳውቱ ደርሶት ማንበብ ያልቻለ ተማሪ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና ይዘን ቁጭ ባልንበት አንድ ማየት የተሳነው የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋልኝ። የክፍላቸው ተወካይ በቴሌግራም የላከለትን ሃንዳውት ከፍቶ በጣቱ ይጠርጋል። ስልኩ «ገጽ አንድ»፣ ትንሽ ቆይቶ «ገጽ ሁለት»፣ «ገጽ ሦስት» ይላል እንጂ አንድም ቃል አያነብም። «ጋሼ፣ ልከንልሃል ይሉኛል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ግን ዝም ይላል» አለኝ። ለፈተናው አራት ቀን ቀርቶታል።

ይህን የምጽፈው ለመምህራን፣ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ለታይፕና ለፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጓደኛቸውን ማገዝ ለሚፈልጉ የክፍል ልጆች ነው። ህትመት ማንበብ የሚቸገረው ማየት የተሳነው ተማሪ ብቻ አይደለም። ጭላንጭል እይታ ያለው አለ፣ ዲስሌክሲያ (ጽሑፍ ማንበብ የሚያስቸግር የመማር ችግር) ያለበት አለ፣ እጁ መጽሐፍ ይዞ ገጽ መግለጥ የማይችልም አለ። ስለዚህ ምንም ከመጀመራችሁ በፊት ተማሪውን «በምን ታነባለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። በጆሮው ነው? በጣቱ ነው? ወይስ በትልልቅ ፊደል? ይህ ሳይጠየቅ ሳምንት ሙሉ የተለፋበት የብሬል ወረቀት ብሬል ለማያነብ ልጅ ሲሰጥ አይቻለሁ።

«ዝም ይላል»

ምልክቱ፦ ስክሪን ሪደሩ (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም) የገጽ ቁጥር ብቻ ይናገራል፣ ወይም ገጹ ባዶ እንደሆነ ይናገራል።

ምክንያቱ፦ ፒዲኤፉ ጽሑፍ ሳይሆን ፎቶ ነው። አንድ ሰው ወረቀቱን በስልኩ አንስቶ ወይም ስካን አድርጎ ልኮታል። ለእኛ ዓይን ፊደል ነው፤ ለስልኩ ግን የወረቀት ሥዕል ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ገጹ ላይ አንድ ቃል በጣታችሁ ወይም በማውስ ለመምረጥ ሞክሩ። ቃሉ ተለይቶ አልያዝ ካለ ፎቶ ነው።

መፍትሄው፦ ብዙ ሰው ወዲያው ፎቶን ወደ ጽሑፍ ወደሚቀይሩት የኦሲአር ፕሮግራሞች ይሮጣል። እኔ አልመክርም። መጀመሪያ ዋናውን የወርድ ፋይል ፈልጉ። ያ ወረቀት የሆነ ቦታ ታይፕ ተደርጓል፤ ወይ መምህሩ ጋ አለ፣ ወይ ታይፕ ያደረገው ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። የዚህን ልጅ ሃንዳውት መርካቶ አካባቢ ካለ አንድ ታይፕ ቤት አገኘሁት። ጸሐፊዋ መምህሩን በስልክ አስፈቅዳ በፍላሽ ገለበጠችልኝ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ በኦሲአር ብሄድ ሁለት ሌሊት ይበላ ነበር።

ዋናው ከጠፋ ኦሲአር ግድ ነው። አማርኛ የሚያውቁ ሁለት ነጻ መንገዶች አሉ። አንደኛው ፋይሉን ጉግል ድራይቭ ላይ ጭኖ በኮምፒውተር በጉግል ዶክስ መክፈት ነው፤ ከ2 ሜጋባይት ባይበልጥ ይመረጣል፣ ከበለጠ ከፋፍሉት። ሁለተኛው ቴሰራክት የተባለው የኦሲአር ፕሮግራም ነው። የአማርኛውን ፋይል አንዴ ካወረዳችሁለት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስካኑ በ300 ዲፒአይ ጥራት ይሁን፤ ወረቀቱ አይጣመም፣ ጥላም አይረፍበት።

ዋናው ድካም ከዚያ በኋላ ያለው እርማት ነው። ፊደላችን የሚለያየው በትንንሽ ጭረት ስለሆነ «ነ» «ኘ» ሆኖ፣ «ሰ» «ለ» ሆኖ፣ «ቢ» «ቤ» ሆኖ ይወጣል። እነዚህን ልጁ ከዓረፍተ ነገሩ ይገምታቸዋል። ቁጥርን ግን መገመት አይቻልም። አንቀጽ 1678 «አንቀጽ 1673» ሆኖ ከወጣ ተማሪው ስህተቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሰማውን ነው የሚያጠናው። ስለዚህ ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ትታችሁም ቢሆን ቁጥሮቹን፣ ስሞቹንና እንደ «አይችልም» ያሉትን አፍራሽ ቃላት ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ነጋሪት ጋዜጣ የራሱ ጣጣ አለው። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ስለሚታተም ፕሮግራሙ አግድም ካነበበው ግማሹ መስመር አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ይሆናል። ኦሲአር ከማድረጋችሁ በፊት ገጹን መሀሉ ላይ ቆርጣችሁ ዓምዶቹን ለየብቻ አስገቡ።

«አማርኛም እንግሊዝኛም ያልሆነ ነገር ያወራል»

ከታይፕ ቤቱ ያመጣሁት ፋይል ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ስክሪን ሪደሩ ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት እየቀላቀለ ይንተባተብ ጀመር። ልጁ ፋይሉ የተበላሸ መስሎት ፊቱ ጨለመ።

ምክንያቱ ፎንቱ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ሥርዓት ውጪ የተሠሩት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና የቀድሞው ፓወር ግዕዝ ያሉት፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው በላዩ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ያስቀምጣሉ። የጸሐፊዎች እጅ የለመደው እነሱን ስለሆነ ዛሬም ይጻፍባቸዋል። ዓይን የሚያየው ቅርጹን ነው፤ ስክሪን ሪደር የሚያነበው ደግሞ ከሥሩ ያለውን ኮድ ነው። ለማረጋገጥ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩ። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው፤ የተዘበራረቀ ምልክት ከሆነ አሮጌ ፎንት ነው።

መፍትሄው ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። ለዚህ የተሠሩ መቀየሪያዎች አሉ፤ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ፋይሉን በጅምላ ከቀየራችሁት በመሀል ያለው እንግሊዝኛም ትርጉም የሌለው አማርኛ ይሆናል። በአሮጌው ፎንት የተጻፈውን ክፍል ብቻ መርጣችሁ ቀይሩ። መቀየሪያ ካልተገኘ ሌላ መላ አለ፦ ፋይሉን አትማችሁ ስካን አድርጉትና በኦሲአር አሳልፉት። ህትመቱ ንጹሕ ስለሆነ ከደበዘዘ ፎቶ ኮፒ በጣም የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ለወደፊቱ ደግሞ ታይፕ ስታስደርጉ «በዩኒኮድ ጻፉልኝ» በሉ። ኒያላ፣ ኢብሪማ፣ አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች ዩኒኮድ ናቸው። አዲሱ ፓወር ግዕዝ ላይም የዩኒኮድ ፎንት ምርጫ ስላለ ጸሐፊዋ የለመደችውን ኪቦርድ መተው የለባትም። ይህን ስነግራቸው የተቆጡኝ ወይም የሰለቹኝ የሉም። አብዛኞቹ በአሮጌው የሚጽፉት ልዩነቱን የነገራቸው ሰው ስለሌለ ብቻ ነው።

«አማርኛው ጋ ሲደርስ ይዘላል፣ ኦሮምኛውን ያበላሻል»

ፋይሉ ዩኒኮድ ሆነ፤ ስልኩ ግን እንግሊዝኛውን ያነብና አማርኛው ላይ ሲደርስ ዘሎ ያልፋል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የፋይሉ አይደለም፤ ስልኩ ላይ የአማርኛ ድምፅ አልተጫነም።

ጅማ ላይ ይህ ችግር ከሌላው ቦታ ይከብዳል። የሕግ ተማሪው መማሪያ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ የፌዴራል አዋጁ አማርኛ ነው፣ የጨፌ ኦሮሚያ ሕግ አፋን ኦሮሞ ነው። አንዱን ዝለለው አይባልም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106 ራሱ የመጨረሻውን ሕጋዊ ተቀባይነት የሰጠው ለአማርኛው ቅጂ ነው።

መፍትሄው፦ ኢስፒክ የተባለው ነጻ የድምፅ ፕሮግራም አማርኛም ኦሮምኛም አለው። ኤንቪዲኤ ከተባለው ነጻ የኮምፒውተር ስክሪን ሪደር ጋር አብሮ ይመጣል፤ ለአንድሮይድ ስልክም ለብቻው ይጫናል። ድምፁ የማሽን ነው፣ መጀመሪያ ያስቸግራል፣ ጆሮ ግን ይለምደዋል። ኢንተርኔት ካለ የማይክሮሶፍት ኤጅ ጮክ ብሎ የማንበቢያ አገልግሎት «መቅደስ» እና «አምሃ» የተባሉ በጣም የተሻሉ የአማርኛ ድምፆች አሉት።

ኦሮምኛው የሚበላሸው ፊደሉ፣ ቁቤ፣ በላቲን ስለሚጻፍ ነው። ስልኩ እንግሊዝኛ ይመስለዋልና ለ«ጥ» ድምፅ የሚጻፈውን ኤክስን «ክስ» ብሎ ያነበዋል። በወርድ ላይ አንቀጹን መርጣችሁ ቋንቋውን ኦሮምኛ ብላችሁ ምልክት አድርጉበት፤ ኤንቪዲኤ እዚያ ሲደርስ ድምፁን ራሱ ይቀይራል። ሦስቱን ቋንቋ በአንድ መስመር አታደባልቁ።

አንድ ነገር ግን በሶፍትዌር አይስተካከልም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ማሽኑ «አለ» የሚለውን ቃል ሲያነብ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» አይለይም። ግጥምና ተረት ለሚያጠና የአማርኛ ተማሪ የሰው ድምፅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ያነባል፤ ግን የምፈልገውን አላገኝም»

መምህሩ «አንቀጽ 1678ን ተመልከቱ» ሲሉ የሚያይ ተማሪ ገልብጦ ያገኘዋል። በጆሮው የሚያነበው ግን ከመጀመሪያው እየሰማ ይደርስበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3367 አንቀጾች አሉት። እስቲ አስቡት።

ምክንያቱ ርእሶቹ ደመቅ ተደርገው መጻፋቸው ነው። ድምቀት ለዓይን እንጂ ለማሽን ርእስ አይደለም። በወርድ ላይ ምዕራፉን «ሄዲንግ 1»፣ አንቀጹን «ሄዲንግ 2» አድርጉት። ተማሪው በኤንቪዲኤ ኢንሰርትና ኤፍ 7ን ሲጫን የርእሶቹ ዝርዝር ይመጣለታል፤ የሚፈልገውን መርጦ በቀጥታ ይገባል። ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይሩም «ፕሪንት» በሚለው ሳይሆን «ሴቭ አዝ» በሚለው ይሁን፣ አለዚያ ርእሶቹ ይጠፋሉ። የወረቀቱ እያንዳንዱ ገጽ በሚጀምርበት ቦታ ደግሞ ፋይሉ ላይ «ገጽ 42» እያላችሁ ጻፉ፤ ክፍል ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር እኩል የሚያስኬደው እሱ ነው። በስልኩ ብቻ የሚያነብ ከሆነ ምዕራፍ በምዕራፍ ከፋፍላችሁ ላኩለት።

ሌሎች፣ በአጭሩ

ዓይኑ የሚያለቅስ፣ ራሱን የሚያመው፣ «ቡ»ን «ቢ» እያለ የሚያነብ ተማሪ ካለ ጭላንጭል እይታ ሊኖረው ይችላል። ፎቶ ኮፒውን ማስተለቅ አይበቃም፤ ብዥታውም አብሮ ይተልቃል። ከዋናው ፋይል በ18 ወይም በ20 መጠን፣ መስመሩን አራርቃችሁ፣ በማያብረቀርቅ ወረቀት አትሙለት። መጠኑን ራሱ ይምረጥ።

በቃል ሲጠየቅ አጥርቶ የሚመልስ፣ ወረቀት ሲሰጠው የሚጠፋ ተማሪ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትፍረዱ። ጽሑፉን እያየ አብሮ የሚሰማበትን ድምፅ ስጡት፤ ለብዙዎቹ ዲስሌክሲያ ላለባቸው ልጆች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የብሬሉ ነጥብ ተዳጦ ጣት አልያዘውም ካለ፣ ወይ ወረቀቱ ስስ ነው፣ ወይ እርጥበት ገብቶታል፣ ወይ ተደራርቦ ተጭኖታል። የጅማ ዝናብ ለወረቀት አይራራም። ወፍራም ወረቀት ተጠቀሙ፤ ጥራዙን ከወለል ከፍ አድርጋችሁ እንደ መጽሐፍ አቁሙት። የአማርኛ ብሬል ተነባቢና አናባቢውን ለየብቻ ስለሚጽፍ ቦታ ይፈጃል፣ ስለዚህ ከተራው ህትመት ብዙ እጥፍ ወረቀትና ጊዜ መድቡለት።

በድምፅ ስትቀዱለት ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፃችሁን ይውጠዋል። እኔ ክረምት ላይ ጠዋት ብቻ ነው የምቀዳው፣ ጋቢ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ። በየገጹ መጀመሪያ የገጹን ቁጥር ተናገሩ። የሦስት ሰዓት ንባብ በአንድ ፋይል አትስጡ። በ64 ኪሎቢት የተቀመጠ ኤምፒ3 ለአንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ለንግግር በቂ ነው፣ የልጁን የዳታ ብርም አይጨርስም።

«ሶፍት ኮፒ አልሰጥም»

አንዳንድ መምህር ሥራው እንዳይባዛበት ይፈራል፣ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ንገሩት፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የማራኬሽ ስምምነት ማየት ለተሳናቸውና በሌላ ጉዳት ምክንያት ህትመት ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች የሚነበብ ቅጂ ለማዘጋጀት የቅጂ መብትን በር የከፈተ ነው። በ2016 ሥራ ላይ ዋለ፤ ኢትዮጵያም በ2020 ተቀላቅላዋለች። ተማሪውም ፋይሉን ለሌላ እንደማያስተላልፍ ቃሉን ይስጥ። ፊት ለፊት ስነጋገር እምቢ ያለኝ ከአንድ ሰው በላይ አላስታውስም።

«ደረሰኝ፤ ግን ፈተናው አልፏል»

ምክንያቱ ሥራው የሚጀመረው ተማሪው ሲጮህ መሆኑ ነው። የኮርሱን ዝርዝር ከምዝገባው በፊት ከመምህሩ ውሰዱ፤ ሁሉም እስኪያልቅ ሳትጠብቁ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በመጀመሪያው ሳምንት ስጡ። ከመስጠታችሁ በፊት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሁለት ገጽ በስክሪን ሪደር አዳምጡ፤ ከላይ የተዘረዘረው ችግር ሁሉ በእነዚያ ሁለት ገጾች ውስጥ ራሱን ያጋልጣል።

የፋይሉን ስምም አስተካክሉ፤ ስልኩ መጀመሪያ የሚያነብለት እሱን ነው። «ስካን 0047» የሚሉ ሃያ ፋይሎች ከተደረደሩለት አንድ በአንድ ከፍቶ ሲፈልግ ያመሻል። ለዚያ ልጅ የሄደለት «የውል ሕግ፣ ምዕራፍ 3፣ ከገጽ 42 እስከ 67» ተብሎ ነው፤ ለፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው።