የላይክ ጥማትን እንዴት እናብርድ?

ፎቶ ለጥፋችሁ በየደቂቃው "ስንት ገባ?" እያላችሁ ስልክ የምትከፍቱ ከሆነ ይሄ ለእናንተ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ደብቁት። ፌስቡክ የላይክ ቁልፍን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ከዚያ ወዲህ መወደድም በአደባባይ ይቆጠር ጀመር። ኢንስታግራም ግን ከ2021 ጀምሮ መደበቅ ይፈቅዳል። የለጠፋችሁትን ክፈቱ፣ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኩ፣ የላይክ ብዛት ደብቅ የሚለውን ምረጡ። በቃ።

ኖቲፊኬሽንም ዝጉ። ሁሉንም አይደለም። የእማማ መልእክት ይግባ፣ "እገሌ ፎቶህን ወደደ" የሚለው ይቅር።

የሚከብደው የቲክቶክ ላይቭ ነው። ባትል (ሁለት ሰዎች በተመልካች ታፕና ስጦታ የሚፎካከሩበት) ሲጀመር ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል፣ "ታፕ ታፕ! ጽጌረዳ እንኳን ላኩ እንጂ!" ይባላል፣ የተሸነፈው ፊቱን ዱቄት ተቀብቶ ይስቃል፣ ወይም የሚስቅ ይመስላል። ያቺ ጽጌረዳ የስክሪን ላይ ስጦታ ብትሆንም በእውነተኛ ብር የተገዛች ናት፤ ከእሷም ቲክቶክ ድርሻውን ያነሳል። ደግሞ ታዋቂ መሆን የሚያምረው ላይቭ የገባው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ላኪውም ስሙ እንዲጠራለት ነው እጁን የሚፈታው። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት "ስሜ ባይጠራስ እልካለሁ?" በሉ። እጃችሁ አላርፍ ካለ ካርዳችሁን ከአፑ ላይ አጥፉት።

ለተቸገረ ሰው ስትሰጡ ካሜራ አታውጡ፤ ዳቦ የተቀበለ ሰው ፊቱን አልሸጠላችሁም።

መለጠፍ ካማራችሁ ለጥፉ፣ ማን ከለከለ? ብቻ እንደለጠፋችሁ ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክታችሁት ውጡ።