ለስሜን ተራሮች የእግር ጉዞ ስንቅና ዕቃ ማዘጋጀት፦ ችግርና መፍትሔ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ በኩል እስከ ራስ ዳሸን የሚዘልቀው የእግር ጉዞ ብዙ ቀናት የሚወስድ ሲሆን፣ መንገደኛው የሚያድርባቸው ሰፈሮች ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የማያንሱ ናቸው። በመንገዱ ላይ የጎደለውን የሚሞላ ገበያ ስለማይገኝ፣ በሦስተኛው ቀን ጎልቶ የሚወጣው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ስንቅ ሲቋጠርና ዕቃ ሲታሰር ቤት ውስጥ የተጀመረ ነው። ለዚህም ሲባል ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች በመንገድ ላይ በሚታዩበት መልክ ቀርበዋል። ከሁሉ በፊት ግን የአካባቢውን የጸጥታና የመንገድ ሁኔታ ደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ማጣራት ያስፈልጋል።

እንጀራው ሻገተ

ትኩስ እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው። በፌስታል ታፍኖ በበቅሎ ጭነት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው እርጥበቱ መውጫ ያጣና ሻጋታው ይጀምራል፤ ተጓዡም ውሃ ተሸክሞ ከርሞ መጨረሻ ላይ የሚበላው ያጣል። ስለዚህ ትኩሱን እንጀራ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ መያዝ፣ ለቀሪው ጉዞ ደግሞ ድርቆሽ ማዘጋጀት ይበጃል። ድርቆሹ መሃሉ ድረስ መድረቅ አለበት፤ በጣት ሲሰበር ቀጭ የሚል ከሆነ ደርሷል፣ የሚለመጥ ከሆነ ግን አንድ ቀን ፀሐይ ይቀረዋል። ከደረቀ በኋላ አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ይያዛል። ማታ በሽሮ ወይም በዘይትና በበርበሬ ቁሌት ቢፈረፈር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትኩስ እራት ይሆናል። ቋንጣም እንደዚሁ ውስጡ ሳይደርቅ ከተቋጠረ ይበላሻል።

ክኩ አልበስል አለ፣ ነዳጁም አለቀ

ሰው እሳቱ የደከመ መስሎት ነዳጅ ይጨምራል፤ መንስኤው ግን ከፍታው ነው። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ 3,600 ሜትር አካባቢ በሚገኘው የግጭ ሰፈር ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እሳቱ ምንም ያህል ቢነድ ክዳኑ በተከፈተ ድስት ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም። በመሆኑም የአተር ክክ፣ ባቄላና ሽምብራ እቤት መቅረት አለባቸው። በምትካቸው አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨው ሽሮ፣ ቶሎ የሚፈርሰው የምስር ክክና እሳት ጭራሽ የማያስፈልገው በሶ ይያዙ። በፓርኩ ውስጥ እንጨት እየለቀሙ ማንደድ ተገቢ ስላልሆነ ነዳጁ በሚበስለው ልክ ተሰፍሮ መያዝ ይኖርበታል።

እኩለ ቀን ላይ ጉልበት ከዳ

ጠዋትና ማታ ብቻ በደንብ በልቶ ቀኑን በብስኩት የሚያሳልፍ ሰው ከሰዓት በኋላ ዳገቱ ላይ ይዝላል። ሰውነት በብርድና በዳገት የሚያቃጥለው ብዙ ነውና፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ በየሰዓቱ መቅመስ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነውን ምግብ ከውጭ አገር በታሸገ ፓኬት መፈለግ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም፤ የአገራችን መንገደኛ ሲቋጥረው የኖረው ስንቅ ለዚሁ ሥራ የተበጀ ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በኪስ ይያዛሉ፤ በቅቤ የታሸው ጭኮ በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት ይሰጣል። በሶን በኩባያ ለመበጥበጥ መጀመሪያ ጥቂት ውሃ ጨምሮ ዱቄቱን እስኪላቁጥ ማሸት፣ ከዚያ ማር ወይም ጨው ከቀሪው ውሃ ጋር ማከል ነው፤ ውሃው አንድ ጊዜ ከተገለበጠበት ግን ዱቄቱ ይጓጉላል።

ደረቁ ወቅት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ስለሆነ ጉዞው ከጾመ ነቢያት ወይም ከዐቢይ ጾም ጋር ሊገጥም ይችላል። ያን ጊዜ ቅቤው በለውዝ፣ በሰሊጥና በተልባ መተካት አለበት፤ ስካውቱ (አብሮ የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ) እና በቅሎ ጫኙም የሚጾሙ ከሆነ የእነርሱም ስንቅ አብሮ መታሰብ ይገባዋል።

ወፍራም ብርድ ልብስ ደርቦም ሌሊቱን በረደው

በእነዚህ ሰፈሮች ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ብዙ ሰው ከላይ ይደርባል፤ ሙቀቱን የሚወስደው ግን ከሥር ያለው መሬት ነው፣ ምክንያቱም በሰው ክብደት የተጨፈለቀ ብርድ ልብስም ሆነ ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ብርድ አይከላከልም። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ከመጨመር ይልቅ አንድ የስፖንጅ ፍራሽ ማንጠፍ የበለጠ ይጠቅማል። ሌላው መንስኤ ላብ ነው። ቀን የተለበሰ የጥጥ ካናቴራ እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ፣ ሰፈር እንደተደረሰ ገላው ሳይቀዘቅዝ መቀየር አለበት፤ ለመኝታ ብቻ የሚለበስ አንድ ደረቅ ልብስና የሱፍ ካልሲ በፌስታል ታስሮ ይቀመጥ፣ ቀን ምንም ቢመጣ አይነካ።

እግር ውሃ ቋጠረ፣ ጥፍር ጠቆረ

ውሃ የሚቋጥረው ተረከዙ በጫማው ውስጥ እየተንሸራተተ ሲፋተግ ነው፤ ለጉዞው ተብሎ በዋዜማው የተገዛ ጫማና የረጠበ የጥጥ ካልሲ ያባብሱታል። ጫማው ከጉዞው ሳምንታት አስቀድሞ ጭነት ተይዞ ሊለመድ ይገባል። ቆዳው መቃጠል ሲጀምር ደግሞ እስኪያቆስል ሳይጠብቁ ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ነው። የጥፍሩ ነገር የሚመጣው ቁልቁለት ላይ፣ በተለይም ከቧሂት ተራራ ወርዶ ወደ አምቢቆ ሰፈር ሲኬድ ነው፤ ከመውረድ በፊት ጥፍር መቆረጥ፣ የጫማው ክርም ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ ተደርጎ መታሰር ይኖርበታል።

ትከሻ በቦርሳ ማንገቻ ከቆሰለ የወገቡ ቀበቶ ላልቷል ማለት ነው፤ ክብደቱ ዳሌ ላይ ማረፍ አለበት፣ ከባዱም ዕቃ ለጀርባ ተጠግቶ ይታሸግ። የስልክና የግንባር መብራት ባትሪ ሌሊት ከሞተ ብርዱ ነው፤ አብሮ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይደር። የምንጭ ውሃ ካልተጣራ ቢያንስ ለሦስት ደቂቃ ሊፈላ ይገባል።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ ማስጠላት

ብዙዎች ይህን በምግቡ ያመካኛሉ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲታይ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ከፍታው ነው። በተለይ ከጎንደር በመኪና ተነሥቶ በአንድ ቀን ጨነቅ ገብቶ የሚያድር ሰው ሰውነቱን ሳያለማምድ ወጥቷል። መፍትሔው ጉዞውን ሲያቅዱ ደባርቅና ሳንቃበር ማደር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያውን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው። ምልክቱ ከታየ ዕረፍት አድርጎ እስኪሻል ከዚያ በላይ አለመውጣት ይገባል። ሕመምተኛው ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተዛባ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን ሰው ደግፎት ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ አለበት።