ልጅን መላክና ኃላፊነት መስጠት ለየቅል ናቸው

አራት ኪሎ አካባቢ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የ15 ዓመት ወንድና የ13 ዓመት ሴት ልጅ አሳድጋለሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች በሙሉ ሠርቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹንም ደጋግሜ።

ኪስን መደበቅ። «ልጅ ነው፣ ምን አገባው» ብለን ገቢያችንን እንሸሽጋለን፤ ጫማ ሲጠይቀን ደግሞ «አታዝንልኝም?» ብለን እንቆጣለን። ያላወቀውን እንዴት ይዘን? እኔ ቤት መላው የተገኘው በጳጉሜን ነው። ደመወዝተኛ ሁሉ እንደሚያውቀው ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ ነሐሴ 30 የተቀበልነው እስከ መስከረም 30 ድረስ ቢያንስ 35 ቀን ሊያደርሰን ይገባል። በመሃሉ እንቁጣጣሽ አለ፣ ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ መስቀል አለ። ወጪውን በወረቀት ዘርዝሬ «እስቲ እናንተ አዳርሱት» አልኳቸው። ዕቁቡ ላይ ሲደርሱ ልጄ «ይህንን ለአንድ ወር እንዝለለው» አለ። ዕቁብ እንደማይዘለል፣ የሌላው ሰው ዕጣ በእኛ ብር ጭምር እንደሚሞላ የነገርኩት ያን ቀን ነው። የበዓሉን ዶሮ የሰረዙት ራሳቸው ናቸው። እኔ ብሰርዘው ኖሮ ዓመቱን ሙሉ ይነሣብኝ ነበር።

መላክን እንደ ኃላፊነት መቁጠር። «ሽንኩርት ገዝተህ ና»፣ «ወፍጮ ቤት ሂድ» ትእዛዝ ነው፤ ሐሳቡ ያለው አሁንም እናትየው ዘንድ ነው። ሽንኩርቱ ማለቁን ማየትም የልጁ ሥራ ሲሆን ነው ኃላፊነት የሚባለው። ለልጄ የመብራት ካርዱን ሰጠሁት፤ ቆጣሪውን ማየትም ማስሞላትም የእሱ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ረሳ። መብራቱ የጠፋው እንጀራ እየጋገርኩ፣ ግማሹ ሊጥ ገና ቡሃቃ ውስጥ እያለ ነው።

ሲሳሳት ሥራውን መንጠቅ። እጄ ካርዱን ለመቀበል ተዘርግቶ ነበር፤ ሰበሰብኩት። ሊጡን ተሸክሞ ጎረቤት የሄደው እሱ ነው፣ ምክንያቱን የተናገረውም እሱ። ከዚያ ወዲህ የቆጣሪውን ንባብ ማቀዝቀዣው ላይ በለጠፈው ወረቀት ይመዘግባል። ለእኛ ለእናቶች ከባዱ ይህ ነው፤ ራሳችን ብንሠራው ይፈጥናልና።

ለቤት ውስጥ ሥራ ብር መክፈል። ሳህን ላጠበ 10 ብር ብዬ ጀመርኩ። «ዛሬ ብር አልፈለግሁም» ያለኝ ቀን ተውኩት።

ችግርን እንደ ዕዳ ማሸከም። «በአንተ ምክንያት ነው እንዲህ የሆንኩት» የተባለ ልጅ ወይ ይሸማቀቃል፣ ወይ ትምህርቱን ጥሎ ገንዘብ ፍለጋ ይወጣል። የቤቱን ጉድለት ማወቅ አለበት እንጂ መሙላት የእሱ ግዴታ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ለወጣት ሠራተኞችም የቀኑን ሥራ በ7 ሰዓት ይገድባል።

ወጥ ቤቱን ለሴቷ፣ ሱቁን ለወንዱ መስጠት። ልጄ ነች ያስተዋለችው፦ «የእሱ ሥራ በሳምንት አንድ ቀን፣ የእኔ በቀን ሦስት ጊዜ ለምን ሆነ?» መልስ አጣሁ። አሁን በየሳምንቱ ይቀያየራሉ። ባለፈው እሑድ ልጄ ሽንኩርት ሲከትፍ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን መጣች። ነጠላዋን እንኳን ሳታስቀምጥ ቢላዋውን ከእጁ ወስዳ ለእህቱ ሰጠቻት።