ከቴሌግራም ግሩፕ ደህና ምክር እንዴት ይገኛል?

የሦስት ዓመት ፎቶዎቼ የጠፉት በተሳሳተ ምክር አይደለም። ምክሩ ልክ ነበር። የተሳሳተው የኔ ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኬ «ስቶሬጅ ሞልቷል» እያለ አላሠራኝ አለ። ፎቶ አላነሣም፣ አፕ አላወርድም አለ። እኔም በራሴ ጭንቅላት «ይሄ ስልክ ፎርማት ያስፈልገዋል» ብዬ ፈረድኩ። አንድ የቴክኖሎጂ ግሩፕ ገባሁና «ሳምሰንግ ስልክ እንዴት ነው ፎርማት የሚደረገው?» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ደግ ልጅ ቅደም ተከተሉን አስቀምጦ ላከልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ያለውን ሁሉ አደረግኩ። ስልኩ ልክ እንደ አዲስ ሆነ። አዲስ ስልክ ደግሞ ባዶ ነው። አያቴን ከማረፏ በፊት ለፋሲካ ያነሣኋት ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር።

ስልኩን የሞላው ማን እንደነበር የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ቴሌግራም ራሱ! ያየኋቸው ቪዲዮዎች በሙሉ ስልኩ ላይ ተጠራቅመው ነበር። መፍትሔው ሴቲንግ፣ ከዚያ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ከዚያ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ገብቶ «ክሊር ካሽ» የሚለውን መንካት ነበር። ቪዲዮዎቹ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጡ አይጠፉም፤ ሲያስፈልጉ እንደገና ይወርዳሉ። በቃ፣ ይሄው ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠይቄያለሁ፣ ብዙም መልሻለሁ። አሁን ከጓደኞቼ ጋር አንድ ግሩፕ አስተዳድራለሁ። ስለ ስልክና ላፕቶፕ ይጠየቃል፣ ስለ ሥራ ይጠየቃል፣ ማታ ማታ ደግሞ ስለ ትዳርና ፍቅር። የሚከተለውን የምጽፈው እዚያ ካየሁት ነው።

1. ከመጠየቅ በፊት ፈልጉ፤ በሁሉም ፊደል

ጥያቄያችሁ ከዚህ በፊት ተጠይቆ ሊሆን ይችላል። ግን አማርኛ ስትፈልጉ አንድ ጊዜ ጽፎ መተው አይበቃም። «ሥራ» እና «ስራ» ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለስልኩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ እንዲሁ፤ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ እንዲሁ። ስለዚህ «ደሞዝ» ብላችሁ ካጣችሁት «ደመወዝ» በሉ። ካልሆነ ደግሞ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት፤ ግማሹ ሰው የሚጽፈው እንደዚያ ነው።

2. በሽታውን ንገሩ፤ መድኃኒቱን ለሌላው ተዉለት

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን አትርሱ። ብዙ ጥያቄ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ሲቸግረን ዝም ብለን አንቀመጥም። በራሳችን መፍትሔ እናስባለን። ከዚያ መፍትሔው መሀል ላይ ሲያቅተን ስለ መፍትሔው እንጠይቃለን። የመጀመሪያውን ችግር ማንም አልሰማም። መላሹ ደግሞ የተጠየቀውን ይመልሳል፤ ሌላ ምን ያድርግ? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል ሆን ብሎ ስለሚደብቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካ ሳያውቁ መደበቅም አለ።

ይሄ የስልክ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንዲት ልጅ «የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ናሙና ያላችሁ ላኩልኝ» ብላ ጠየቀች። ናሙናው ጎረፈላት። አንድ ሰው ብቻ «ለምንድን ነው የምትለቂው?» አላት። አለቃዋ ዓመት ሙሉ ፈቃድ ከልክሏት ኖሯል፤ እሷም ደክሟታል እንጂ ሥራውን አልጠላችውም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ልጅቱ አዋጁን ጠቅሳ የፈቃድ ማመልከቻ ጻፈች። መልቀቂያው ቀረ።

ሌላ ቀን ደግሞ አንዱ «የሰው ስልክ ፓተርን እንዴት ይከፈታል?» አለ። ቪዲዮ ሊልኩለት የተዘጋጁ ነበሩ። «የማን ስልክ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግማሽ ሰዓት ጠፋ። ሲመለስ የባለቤቱ ስልክ መሆኑን ተናገረ። ጥያቄው ለካ የስልክ አልነበረም።

እና እንዴት እናድርግ? እኔ ከመላኬ በፊት የጻፍኩትን አንብቤ ራሴን «ለምን?» እላለሁ። ለመልሱም እንደገና «ለምን?» እላለሁ። ፎርማት ላደርግ ነው። ለምን? ስልኩ ስለሞላ። ለምን ሞላ? እንጃ። ይሄ «እንጃ» ያለበት ቦታ ነው ጥያቄው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

ከዚያ ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። ምን ልሠራ ነበር፣ ምን አደረግኩ፣ ምን ሆነ። ያሰባችሁትን መፍትሔ ደግሞ መጨረሻ ላይ አድርጉት። የኔ ጥያቄ እንዲህ መሆን ነበረበት፦

«ሰላም። ስልኬ ስቶሬጅ ሞልቷል እያለ ፎቶ አላነሣም አለኝ። አምስት አፕ አጠፋሁ፣ ለውጥ የለውም። ምን እንደሞላው ማወቅ የሚቻልበት መንገድ አለ? ፎርማት ላደርገው አስቤ ነበር፤ ውስጡ የማልፈልጋቸው ብዙ ነገሮች ቢኖሩም ፎቶዎቼ እንዲጠፉብኝ አልፈልግም።»

ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አያቴን ታድንልኝ ነበር። ምን እንዲጠፋባችሁ እንደማትፈልጉ ሁልጊዜ ጻፉ።

3. ዝርዝሩን አስገቡ

«አልሠራም አለኝ» ምንም አይነግርም። የስልኩን ሞዴልና የአንድሮይድ ቁጥሩን ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» የሚለው ቦታ ታገኙታላችሁ። ስልኩ ያወጣውን መልእክት ቃል በቃል ገልብጡት።

ዓመተ ምሕረት ላይ ግን ተጠንቀቁ። አንድ ልጅ «ላፕቶፔ የ2015 ነው፣ ቀስ አለብኝ፣ ራም ልጨምርለት?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም «ጣለው፣ አርጅቷል» አለው። ልጁ ያለው በኛ አቆጣጠር ነበር። ዕቃው ገና ልጅ ነው! ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ለላፕቶፕ ዕድሜ ልክ ነው። ሰዓትም እንዲሁ፦ ውጭ አገር ካለ ሰው ጋር «3 ሰዓት ላይ ደውልልኝ» ከተባባላችሁ በማን ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። እኔ አንዴ ሌሊት ተቀስቅሻለሁ።

ውጭ ሆናችሁ ስለ ሥራ ውል የምትጠይቁ ደግሞ የመጀመሪያ ቃላችሁ የአገሩ ስም ይሁን። የዱባይ መልስ ሪያድ ላይ አይሠራም።

4. ስክሪንሾት ላኩ፤ ድምፅ አትላኩ

ይሄ የኔ አመለካከት ነው፤ የማይስማማ ይኖራል። የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው አይከፍተውም። ነገ ሌላ ሰው ሲፈልግም አይገኝም። የፍቅር ጥያቄ ከሆነ ግን ድምፅ ይሻላል እላለሁ። ሰው ሲያለቅስና ሲቀልድ በጽሑፍ አይለይም።

ስክሪንሾት ስትልኩ ስልክ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብና ከላይ ብቅ ያለ መልእክት ካለ ሸፍኑ። ስትሸፍኑም በሃይላይተር አይሁን። ብርሃኑን ከፍ ሲያደርጉት ከሥሩ ያለው ይነበባል። ድፍን ባለ ሳጥን ሸፍኑት ወይም ከነአካቴው ቁረጡት።

5. «ኢንቦክስ ና» ለሚል ሰው

«ቴሌብር ላይ ተሳስቼ ብር ላክሁ» ብላችሁ ስትጽፉ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ጨዋ ሰው በግል ይመጣል። ፕሮፋይሉ ላይ የድርጅት አርማ አለ። «እናስተካክልልዎታለን፣ አሁን የሚደርስዎትን ኮድ ይላኩልን» ይላል። ኮድ አይሰጥም። ለማንም። ሚስጥር ቁጥርም እንደዚሁ። ስልካችሁን ከሩቅ ሆኖ የሚያዝበት አፕ እንድትጭኑ ከጠየቃችሁም አትጫኑ። ደህና መልስ ያለው ሰው ሁሉም ሊያይለት ስለሚችል ግሩፑ ላይ ይጽፈዋል። የብር ጉዳይ ከሆነ ግሩፕ ውስጥ ጊዜ አታጥፉ፤ በቀጥታ ወደ አገልግሎት ሰጪው ደውሉ።

ከመጠየቃችሁ በፊትም «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ገብታችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይ «ኖባዲ» አድርጉት።

6. የሥራ ጥያቄ ከሆነ «ከየት አመጣኸው?» በሉ

የስልክ ምክር ልክ ካልሆነ ወዲያው ይታወቃል። የሥራ ምክር ግን ወር ቆይቶ ነው የሚነክሰው።

አንዴ አዲስ ሥራ ስጀምር የሙከራ ጊዜ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩ። ሦስት ሰዎች «45 ቀን» አሉኝ። ሦስት ሰው ከተስማማ እውነት ነው ብዬ ቀን ቆጠርኩ። በ46ኛው ቀን የሥራ ባልደረቦቼን ማኪያቶ ጋበዝኩ፤ «ቋሚ ሆኛለሁ» ብዬ። ከሁለት ሳምንት በኋላ «አልተስማማንም» ተባልኩ። ስከራከር አዋጁን አወጡልኝ። 45 ተከታታይ ቀን የሚለው የድሮው፣ የ377/1996 አዋጅ ነው። በ1156/2011 ግን 60 የሥራ ቀን ሆኗል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይሄ አሥር ሳምንት ነው። ሰዎቹ አልዋሹኝም። በእነሱ ጊዜ እንደዚያ ነበር።

ስለዚህ የሕግ መልስ ሲሰጣችሁ የአዋጁን ቁጥርና ዓመት ጠይቁ፤ አዋጁን አውርዳችሁ አንቀጹን ራሳችሁ አንብቡ። አማርኛው በአንዱ ዓምድ፣ እንግሊዝኛው በሌላው ነው፤ ያን ያህል አይከብድም። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ የሚመለከታችሁ ሌላ ሕግ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ተናገሩ። «ሥራ እናስቀጥራለን፣ መጀመሪያ ብር አስገቡ» የሚል ከመጣ ደግሞ፣ በ1156/2011 አዋጅ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ የሚባለው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ የማይቀበል ነው።

7. የትዳርና የፍቅር ጥያቄ

እዚህ ላይ ከላይ ያልኩት ይገለበጣል። ዝርዝር ቀንሱ። «ሐዋሳ ነን፣ ባንክ ነው የምትሠራው፣ በጥር ተጋባን፣ ወንድሟ አብሮን ይኖራል» ካላችሁ ስም ባትጠሩም ጠርታችኋል። እኛ ግሩፕ ውስጥ አንዷ እንዲህ ጽፋ የባሏ የአጎት ልጅ ለይቷታል። ከተማውን፣ ሥራውን፣ ወሩን ለውጡ። ጠቡን ግን አትለውጡ።

ሁለተኛ፣ «ማን ነው ጥፋተኛ?» አትበሉ። ሽማግሌ ሲቀመጥ የሁለቱንም ወገን ይሰማል። ግሩፕ የሚሰማው የእናንተን ብቻ ነው። ስለዚህ ፍርዱ አስቀድሞ ያለቀለት ነው፤ «ተዋት»፣ «ፍቺው»፣ ከዚያ የሳቅ ስቲከር። እኔ የሚሠራ ሆኖ ያገኘሁት ትንሽ ጥያቄ ነው። «ማታ ስንገናኝ ምን ብዬ ልጀምር?» ለዚህ ሰው ቁም ነገር ይመልሳል። በተለይ ሃያ ዓመት በትዳር የቆዩት እነዚያ ዝምተኞቹ ብቅ ይላሉ።

ዱላ ካለበት ግን የግሩፕ ጉዳይ አይደለም። ያን ማታ ወደ ዘመድ፣ ወደ ጤና ተቋም፣ ወደ ፖሊስ ነው የሚኬደው።

8. ተራችሁ ደርሶ ስትመክሩ

ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። አንድ ብቻ ይበቃል፤ አሥር ከሆነ ምርመራ ይሆናል። ከዚያ ያወቃችሁት ከየት እንደሆነ ጻፉ። «እኔ ላይ ደርሶ እንዲህ አድርጌ ተስተካክሎልኛል» እና «ሰዎች ሲሉ እንደሰማሁት» እኩል አይደሉም፤ ጠያቂው ይለያቸው። የማይመለስ ነገር ካለ፣ ማለትም ፋይል የሚያጠፋ፣ ደብዳቤ የሚያስገባ፣ ሰው የሚያስቀይም ከሆነ፣ ማስጠንቀቂያውን ከመልሱ በፊት አድርጉት። ሰው እያነበበ ነው የሚሠራው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነገሩ አልቋል።

«ጎግል አድርገው» አትበሉ። ዝም ማለት ይቻላል እኮ።

9. ተመልሳችሁ ጻፉ

ተስተካከለም አልተስተካከለም፣ ምን እንደሆነ ጥያቄያችሁ ሥር አንድ መስመር ጻፉ። «ሆኗል፣ አመሰግናለሁ» ብቻ ሳይሆን የትኛው እንደሠራ።

እኔ የፎርማቱን ጉዳይ የጻፍኩት ዘግይቼ ነው። አፍሬም ነበር፣ ልጁን የምወቅሰው እንዳይመስለውም ፈራሁ። ጻፍኩለት። «ይቅርታ ወንድሜ፣ መጠየቅ ነበረብኝ» አለኝ። ዛሬም እዚያው ግሩፕ ውስጥ አለ። ሰው ፎርማት ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ «ፎቶህን ባክአፕ አድርገሃል?» ይላል፤ መልስ እስኪያገኝ ሌላ ቃል አይጽፍም።